በኦስሎ የስኪ መስመር ላይ ማን ለማን ያሳልፋል?

ሁለተኛ ክረምቴ፦
ሰላም ቤተሰብ። ኦስሎ ነው የምኖረው። ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር ሶኝስቫን ሐይቅ አካባቢ በእግራችን ስንሄድ በረዶው ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ ሁለት ቦዮች አየን። ልጄ ቦዩ ውስጥ መራመድ ደስ አለው። አንዲት ሴትዮ በስኪ፣ ማለትም በረዶ ላይ በሚያንሸራትቱት ረጃጅም ጣውላዎች፣ መጥታ ጮኸችብን። ልጄ ደንግጦ አለቀሰ። አሁን ደግሞ ባልደረቦቼ እሁድ ከሶኝስቫን ጫካው ውስጥ እስካለው የኡሌቮልሴተር ማረፊያ ቤት ድረስ በስኪ እንሂድ ብለውኛል። ስኪ የሞከርኩት ሦስቴ ብቻ ነው። ሰው እንዳልጎዳ፣ ሰውም እንዳላስቀይም ምን ልወቅ?

የጫካው ጎረቤት፦
አይዞሽ እህቴ፣ ልጅ ላይ መጮህ አልነበረባትም። የተናደደችበት ምክንያት ግን አለ። ቦዩ ስኪው የሚንሸራተትበት መስመር ነው፣ የሚያወጣውም ማሽን ነው። አንድ የጫማ ዱካ ሲያርፍበት ጠርዙ ይናዳል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያ ጉድጓድ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። በማግስቱ በፍጥነት የሚመጣ ሰው የስኪው ጫፍ እዚያ ሲገባ በግንባሩ ይደፋል። በእግር ስትሄዱ የእግረኛውን መንገድ ያዙ። እሱ ከሌለ ከቦዩ ርቃችሁ ጠርዝ ጠርዙን ሂዱ።

እሁድ ቀኝሽን ያዢ። መቆም ስትፈልጊ፣ ስልክ ለማንሳትም ቢሆን፣ መጀመሪያ ከመስመሩ ውጪ። ከወደቅሽ ቶሎ ወደ ዳር ተንከባለይ፤ በረዶ ማራገፉ ይደርሳል። ከኋላሽ «ሎይፔ!» የሚል ከሰማሽ መንገድ ልቀቂልኝ ማለቱ ነው፣ ስድብ አይደለም።

ሹፌሩ፦
ዳገት የሚወጣው ቅድሚያ አለው። መንጃ ፈቃድ ስንማር እንደዚያ አይደል የተማርነው?

የጫካው ጎረቤት፦
ወንድሜ፣ በስኪ ተቃራኒው ነው። ቁልቁል የሚመጣው ፍሬን የለውም። የሚወጣው ነው ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ የሚያሳልፈው። ከኋላ መጥቶ የሚቀድም ግን ኃላፊነቱ የራሱ ነው።

እህቴ፣ ይሄ አንቺን በቀጥታ ይመለከታል፤ ወደ ኡሌቮልሴተር መሄጃው ዳገት፣ መመለሻው ቁልቁለት ነው። ማቆሚያውን ሜዳ ላይ ተለማመጂ። የስኪዎቹን ጫፍ ከፊት አቀራርቢ፣ ኋላቸውን ክፈቺ፣ ጉልበትሽን እጠፍ አድርጊ። እዚህ «ማረሻ» ይሉታል። ፍጥነቱ ከበረታብሽ ሰው ሳይመጣ ወደ ጎን ቁጭ በይ። ስኪሽን አውልቀሽ በዳር በእግርሽ ብትወርጂም ማንም አይታዘብሽም።

ነርሷ፦
እኔ የምለምንሽ ስለ ልብስ ነው። ከውስጥ የጥጥ ካናቴራ እንዳትለብሺ። ዳገቱ ያልብሻል፣ ጥጥ ላቡን ይዞ ይቀራል፣ ስትቆሚ ያንቀጠቅጥሻል። ሱፍ ይሻላል። ትርፍ ጓንት፣ ትኩስ ነገር፣ የግንባር መብራት ያዢ። ስልክሽን ደረትሽ አጠገብ አድርጊው፣ ብርድ ባትሪ ይገድላል። «ዬልፕ 113» የሚባለውን አፕ ከአሁኑ ጫኚ፤ ወደ አምቡላንስ ስትደውዪ ያለሽበትን ቦታ ይልካል። ጉንጭሽ ወይ ጣትሽ ነጥቶ ከደነዘዘ በእጅሽ ሸፍነሽ አሙቂው እንጂ አትሽው፣ በረዶም አታስነኪው።

ኖርዌጂያኖች ዘጠኝ የተራራ ሕጎች አሏቸው። ስምንተኛው በጊዜ ተመለስ፣ መመለስ አያሳፍርም ይላል። ከደከመሽ ለባልደረቦችሽ ንገሪያቸው፤ ይህን ሕግ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል።

ከሚኒያፖሊስ፦
እኛ ጋ ቴዎዶር ዊርዝ ፓርክ ብዙው መስመር ባለ አንድ አቅጣጫ ነው፣ በተቃራኒ መሄድ ትልቅ ጥፋት ነው። ስለዚህ መግቢያው ላይ ያለውን ምልክት ሁልጊዜ አንብቢ። ለልጅሽ ደግሞ ስለ ሮቤል ተክለማርያም ንገሪው። በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ቫንኩቨር ክረምት ኦሊምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረው በዚሁ በአገር አቋራጭ ስኪ ነው።

ሁለተኛ ክረምቴ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ስለ ሮቤል ስነግረው ፎቶውን አሳዪኝ አለኝ፤ አብረን አየነው። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ባቡር ውስጥ ስኪውን እንዴት ልያዘው?

የጫካው ጎረቤት፦
ሁለቱን ከላይና ከታች እሰሪያቸው፣ ዱላዎቹንም አብረሽ። ቀጥ አድርገሽ ከፊትሽ አቁሚው። ትከሻሽ ላይ አግድም እንዳታደርጊው፤ ዞር ስትዪ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል።