የቅድመ አያቴን ውጅግራ ለማን ልስጠው?

የጠመንጃ ጥገና የምታውቁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ጎንደር ነው የምኖረው። ከቅድመ አያታችን የወረስነው ውጅግራ የሚባል የድሮ ጠመንጃ አለን፤ በፈረንጆች 1874 የወጣው ዓይነት፣ ባለ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። የአፈሙዙ ውስጥ ዝጓል፣ ሰደፉም ተሰንጥቋል።

ሁለት ባለሙያዎች አነጋገርኩ። አንዱ ቶርኖ ቤት ያለው ወጣት ነው፤ ውስጡን ቦርቡሮ አዲስ ቱቦ ሊያስገባለት ያስባል። ሥራው ጥንቁቅ ነው፣ ጠመንጃ ግን ነክቶ አያውቅም። ሌላው በዕድሜ የገፉ ጠጋኝ ናቸው። «ልጄ፣ ብረቱን አታስነካው፤ በዘይትና በናስ ብሩሽ ብቻ ይጽዳ» አሉኝ። ልቤ ወደ እርሳቸው ያደላል። ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ብረት የዛሬውን ኃይለኛ ጥይት ስለማይችል ልንተኩስበት አናስብም። በአፈሙዙ ውስጥ ያሉት ጥይቱን የሚያሽከረክሩት ጠመዝማዛ ቦዮችና በላዩ የተመቱት የፋብሪካ ምልክቶች ከተፋቁ ግን ማን ይመልሳቸዋል?

አጎቴ የወጣቱን አሳብ ይደግፋሉ፤ ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል ባይ ናቸው። በ2012 የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ፈቃድ ለሌለው ሰው ማስረከብ ያስፈራኛል። ጠጋኙን ከመምረጤ በፊት ምን ልጠይቀው? ሰደፉንስ እንጨት ሠሪ ለብቻው ቢጠግነው ይሻላል?