ካልኩለስ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ በአንድ ሴሚስተር ይቻላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አሜሪካ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በመጪው ሴሚስተር ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ገብቼ፣ ኋላ በሲቪል ምሕንድስና ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር አስቤያለሁ። በሳምንት 30 ሰዓት እሠራለሁ። ካልኩለስ 1ን፣ ፊዚክስንና ኬሚስትሪን አንድ ላይ ብወስድ ቶሎ እጨርሳለሁ ወይስ እጎዳለሁ? ፊዚክሱን ለሥራ ሰዓቴ በሚመች ምሽት አግኝቼዋለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ የምሽት ነገር አስፈራኝ። ፊዚክስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በአልጀብራ ብቻ የሚሰጥ ሲሆን በአብዛኛው የጤናና የሕይወት ሳይንስ ተማሪዎች ይወስዱታል። ለምሕንድስና የሚፈለገው በካልኩለስ የሚሰጠው ነው። እኔ ሰዓቱ ስለተመቸኝ ብቻ የመጀመሪያውን ተመዝግቤ ጥሩ ውጤት አመጣሁ፤ ስዛወር ግን ለምሕንድስናው አልቆጠረልኝም። ሜካኒክስን፣ ማለትም የእንቅስቃሴና የኃይል ፊዚክሱን፣ እንደገና ከሀ ጀመርኩ። ያን ጊዜ የተናደድኩት በኮሌጁ አማካሪ ነበር፤ የኮርሱን መግለጫ ያላነበብኩት ግን እኔው ነኝ።

ሦስቱን አንድ ላይ አትውሰጂ። ለእያንዳንዱ ክሬዲት (የኮርስ ክብደት መለኪያ ነው) በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ሰዓት ደግሞ ከክፍል ውጭ እንደሚያስፈልግ ይታሰባል። ካልኩለሱ 4 ክሬዲት ከሆነ እርሱ ብቻ በሳምንት 12 ሰዓት ይወስዳል። በዚያ ላይ ሁለት ቤተ ሙከራ ከነሪፖርቱ ጨምሪበት፤ ሥራሽም አለ። ደግሞም ፊዚክሱ ካልኩለሱን አይጠብቅም። መምህሩ ፍጥነትን በዴሪቬቲቭ (አንድ ነገር የሚለወጥበት መጠን) ሲጽፍ፣ አንቺ በሒሳብ ክፍል ገና ከእርሱ በፊት በሚመጣው ሊሚት ላይ ትሆኛለሽ።

መቋረጥ የሌለበት ሒሳቡ ነው። ካልኩለስ 1፣ 2፣ 3፣ ከዚያም ዲፈረንሻል እኩልታ እየተከታተሉ ከሄዱ አራት ሴሚስተር ናቸው፤ ያ ሁለት ዓመትሽ ነው። አንዱ ቢወድቅ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይገፋሉ። ፊዚክስ 1ም ለስታቲክስ (በማይንቀሳቀሱ ነገሮች ላይ ስለሚያርፉ ኃይሎች ለሚያስተምረው ኮርስ) በር ነው፤ ስታቲክስ ሳያልቅ ደግሞ የቁሶች ጥንካሬ አይጀመርም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሴሚስተር ካልኩለስ 1ን ከኬሚስትሪ ጋር፣ በሁለተኛው ካልኩለስ 2ን ከፊዚክስ 1 ጋር ብታደርጊ ይሻላል።

የኮሌጁ የሒሳብ መመዘኛ ፈተና ፕሪካልኩለስ (የካልኩለስ መሰናዶ ኮርስ) ላይ ቢመድብሽም አትከፊ። ተማሪዎችን ሳስጠና እንዳየሁት፣ ካልኩለስ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በአልጀብራው ነው። የሁለት ቁጥሮችን ድምር በራሱ ሲያባዛ መካከለኛውን ተርም (በ(a+b)² ውስጥ 2abን) የሚረሳ ተማሪ የዴሪቬቲቭን ትርጉም ቢያውቅም ትክክለኛው መልስ ላይ አይደርስም።

ሌላ መልስ፦ ወንድማችን ባሉት ብስማማም አንድ ነገር ልጨምር። ለፌዴራል የትምህርት ድጋፍ የሙሉ ሰዓት ተማሪ የሚባለው ከ12 ክሬዲት ጀምሮ ነው፤ ከዚያ ካነሰ የምታገኚውም ገንዘብ ሊቀንስ ይችላል። ካልኩለስና ኬሚስትሪ ብቻ 8 ወይም 9 ክሬዲት ቢሆኑ ነው። የእንግሊዝኛ ድርሰት ኮርሱን ጨምሪበት፤ መውሰድሽ ላይቀር አሁን ይውጣልሽ። ከመመዝገብሽ በፊት ደግሞ የምትዛወሪበትን ዩኒቨርሲቲ የኮርስ አቻ ሰንጠረዥ፣ ማለትም የኮሌጅሽ ኮርስ እዚያ በየትኛው እንደሚቆጠር የሚያሳየውን፣ ተመልከቺ። አማካሪው በቃል የነገረሽንም በኢሜይል እንዲያረጋግጥልሽ ጠይቂ።

ጠያቂዋ፦ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኮርሱን መግለጫ አሁን ከፍቼ አነበብኩት። የምሽቱ ፊዚክስ የአልጀብራው ነው። የምዝገባ ለውጥ እስከ ዓርብ ስለሚቻል ነገ ጠዋት እሰርዘዋለሁ።