በቫሌንሲያ የባሕር ዳር ሰፈር ቤት ልንከራይ ነው፤ ምክር እንሻለን

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ የስዊድን ዜግነት ያለን ኢትዮጵያውያን ስንሆን፣ በመጪው መስከረም የ7 ዓመት ልጃችንን ይዘን ከስቶክሆልም ወደ ስፔን ልንሄድ፣ በቫሌንሲያ ከተማ ካባኛል በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ልንኖር ወስነናል። ያገኘነው ቤት ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ አከራዩ የሚሰጠን ውል የ11 ወር ብቻ ከመሆኑም በላይ በቤቱ አድራሻ እንዳንመዘገብ ጠይቆናል። ይህን መቀበል ይገባናል? ስለ ሰፈሩስ ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ?

መልስ 1
እባክዎ አይፈርሙ። የ11 ወር ውል ለትምህርት ወይም ለአጭር ሥራ ለሚመጣ ሰው የታሰበ ወቅታዊ ኪራይ ነው። ቤተሰብ ለቋሚ መኖሪያ ሲከራይ ግን ሕጉ እስከ 5 ዓመት፣ አከራዩ ድርጅት ከሆነ ደግሞ እስከ 7 ዓመት በቤቱ የመቆየት መብት ይሰጠዋል። ከ2023 ወዲህም የደላላውን ክፍያ የሚሸፍነው አከራዩ ነው። አንዳንድ አከራዮች አጭሩን ውል የሚያቀርቡት ከእነዚህ ግዴታዎች ለመሸሽ ነው።

ከዚያ የሚብሰው የምዝገባው ጉዳይ ነው። ፓድሮን በሚባለው የማዘጋጃ ቤት መዝገብ ላይ መስፈር የማንኛውም ነዋሪ ግዴታ ሲሆን፣ የኪራይ ውል በእጁ ያለ ሰው የአከራዩን ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልገውም። እኔ በመጣሁበት ዓመት እንዲህ ያለውን ቅድመ ሁኔታ በመቀበሌ፣ ልጄን በሰፈሩ ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ ሄጄ አድራሻዬን የሚያረጋግጥ ወረቀት አጥቼ ተመልሻለሁ። ያንን ቀን እስካሁን አልረሳሁትም።

መልስ 2
በመልስ 1 እስማማለሁ፤ ስለ ሰፈሩ ልጨምር። ካባኛል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበር፤ ከ1837 እስከ 1897 ድረስም ራሱን የቻለ ማዘጋጃ ቤት ነበረው። ፊታቸው በቀለም ሸክላ የተለበጠው ዝቅተኛ ቤቶች ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚያነሣቸው ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ሰፊ ጎዳና እስከ ባሕሩ ለመዘርጋት በወጣ ዕቅድ ከ1,600 በላይ መኖሪያዎች ሊፈርሱ ነበር። ነዋሪዎቹ ለዓመታት ታግለው ዕቅዱ የተተወው በ2015 ነው። ቤታቸውን ከአፍራሽ ያዳኑት ሰዎች አሁን ደግሞ በኪራይ ውድነትና ለቱሪስት በሚከራዩ ክፍሎች እየተገፉ ነው፤ ስለዚህ አንዳንዱ ጎረቤት አዲስ መጪን በጥርጣሬ ቢያይ ምክንያት አለው። በበጋ ምሽት ወንበር አውጥተው ደጃፍ ሲቀመጡ ሰላም ይበሏቸው፤ ቀስ በቀስ ይለምዱዎታል። ቡና ካፈሉ ደግሞ ይጥሯቸው።

የክረምቱን ቅዝቃዜ ግን አይናቁ። ውጭው ለስላሳ ቢሆንም ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች ማሞቂያ የላቸውም፤ የባሕሩ እርጥበትም ግድግዳ ያሻግታል። ከመከራየትዎ በፊት የመኝታ ክፍሉን ማዕዘኖችና የቁም ሣጥኑን ጀርባ ይመልከቱ።

ጠያቂው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለአከራዩ ረዥም ውልና ምዝገባ እንደምንፈልግ ዛሬውኑ እጽፍለታለሁ፤ እምቢ ካለ ሌላ ቤት እንፈልጋለን። ልጃችን ስፓኒሽ ጀምራለች፤ ይህ ለትምህርት ቤት ይበቃታል?

መልስ 1
አይበቃትም፤ በቫሌንሲያ ትምህርት ቤቶች የቫሌንሲያ ቋንቋም ይሰጣል። በዚህ ዕድሜ ቶሎ ትይዘዋለች፤ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቦታው ነው። መደበኛው ምዝገባ የሚካሄደው በጸደይ ስለሆነ፣ በመስከረም የሚደርስ ልጅ የሚገባው ክፍት ቦታ ወዳለበት ትምህርት ቤት ነው። እንደደረሳችሁ መጀመሪያ ፓድሮን፣ ወዲያው ትምህርት ቤት።