ወገብ፣ ስኳርና ግፊት አንድ ሞዴል ውስጥ? የምታውቁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። ቼናይ፣ ሕንድ የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ እየተማርኩ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ በከተማው አዋቂዎች የልብ ሕመም አጋላጭ ምክንያቶች ላይ ነው። ዳታው ተሰብስቦ አልቋል፤ የያዘኝ ትንተናው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ2004 እ.ኤ.አ. ለእስያውያን የቢኤምአይ (ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ካሬ ተካፍሎ የሚገኝ መለኪያ) ስጋት ከ23 እንደሚጀምር ጠቁመዋል፤ የተለመደው መነሻ ግን 25 ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ እዚህ እጅና እግሩ ቀጭን የሆነ ሰው ሆዱ ላይ ስብ ይከማችበታል፣ ስኳሩም ቀድሞ ይመጣል። ግን 23ን ከወሰድኩ ከሌላ አገር ጥናት ጋር ማነጻጸር ሊከብደኝ ነው። ሁለቱንም ላቅርብ?

ዋናው ራስ ምታቴ ይሄ ነው፦ የወገብ ዙሪያን (የስጋት መነሻው ለወንድ 90፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር) ከዕድሜ፣ ከጾታና ከማጨስ ጋር ሞዴሉ (የስታቲስቲክስ ስሌቱ) ውስጥ ሳስገባ ከልብ ሕመም ጋር ያለው ግንኙነት ጠንካራ ነው። ስኳርና ግፊትን ስጨምር ድራሹ ይጠፋል። አማካሪዬ «ሁሉንም አንድ ላይ አስገባ» ይሉኛል። ወገብ የሚጎዳው በስኳርና በግፊት በኩል ከሆነ ግን እነሱን ማስገባት የምፈልገውን ውጤት መደበቅ አይሆንም? ሎጂስቲክ ሪግሬሽን (ሕመም መኖር አለመኖሩን ከብዙ ምክንያቶች ጋር የሚያያይዝ ስሌት) የሠራችሁ፣ ሁለት ሞዴል ለየብቻ ማሳየት ይበቃል ወይስ ሌላ መንገድ አለ? የምጠቀመው ኤስፒኤስኤስ የተባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነው።