የዱንጉር ሰሌዳ፦ ርእሱ ላይ እንስማማ

ጸሐፊ፦ አክሱም ላለው ለዱንጉር ፍርስራሽ የሚቆመው፣ ለቅርስ ባለሥልጣን የምናስገባው የሰሌዳ ሐሳብ አልቋል፤ የቀረው ርእሱ ነው። ረቂቁ «የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት» ይላል። ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ይጻፍ።

የታሪክ መምህር፦ እኔ አለኝ። የሥነ ቁፋሮ ባለሙያው ፍራንሲስ አንፍሬ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቆፍሮ ያወጣው ሕንፃ የክርስቲያኗ አክሱም ነው፤ 6ኛው ወይም 7ኛው ክፍለ ዘመን ይገመታል። ንግሥቲቱ በሰሎሞን ዘመን ከነበረች መካከሉ 1,500 ዓመት ግድም ነው። እኛ አገር መቼም ያረጀ ድንጋይ ሁሉ ወይ የሳባ ነው ወይ የዮዲት፤ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሐውልቶችም «የጉዲት» ተብለው አረፉት።

አስጎብኚ፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ግን እንግዳ የሚመጣው ያንን ስም ሰምቶ ነው። ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ቤተ መንግሥቷን አገኘሁ ብሎ የለም እንዴ?

የታሪክ መምህር፦ ብሏል፤ ብዙ ባለሙያ ግን አልተቀበለውም። እሱም ቢሆን አገኘሁ ያለው ከሕንፃው ሥር ነው እንጂ፣ ዛሬ የምናየው ግድግዳ የሷ ነው አላለም።

ሒሳብ ያዥ፦ ታዲያ የማን ቤት ነው? ሰው ይሄንኑ ነው የሚጠይቀው።

አርክቴክቷ፦ ስሙን ትተን ቤቱን እንየው። መካከሉ ከፍ ባለ መሠረት ላይ ነው፤ በደረጃ ይወጣል። ዙሪያውን ግቢዎችና ትናንሽ ክፍሎች ከበውታል፤ ምድጃም ተገኝቶበታል። ግድግዳው ወደ ላይ በእርከን እየገባ፣ ገባ ወጣ እያለ የሚሄድ ነው፤ የአክሱም ግንበኛ እጅ የሚታወቀው በዚህ ነው። እንደኔ ዛሬ የሚታየው ታችኛው ክፍል ነው፤ ጌታው የሚኖረው ከላይ ነበር። ግን በ1906 እ.ኤ.አ. ጀርመኖች ካጠኑት ከአክሱሙ የታኣካ ማርያም ቤተ መንግሥት ጋር ሲተያይ ዱንጉር ያንሳል። ስለዚህ የንጉሥ ሳይሆን የአንድ ትልቅ ሹም ወይም ባለጸጋ ግቢ ይመስለኛል። «ይመስለኛል» የሚለው ሰሌዳው ላይም ይግባ።

ሒሳብ ያዥ፦ ይሄ ገባኝ። የቤቱ ንድፍ ሥዕል ይጨመርበት፤ ወጪው ብዙ አይደለም።

ጸሐፊ፦ እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ ርእሱ «ዱንጉር»። ከሥሩ «በትውፊት የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ይባላል፤ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች ግን ከ1,300 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የባለሥልጣን መኖሪያ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ»። በትግርኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ።

አስጎብኚ፦ ትውፊቱን በደቃቅ ፊደል እንዳትጽፉት ብቻ!

ጸሐፊ፦ ሁለቱም በአንድ መጠን። ጋሼስ?

የታሪክ መምህር፦ ይለፍ።