የሊትዌንኛ ግስ ላይ ስትረሱ (stress፣ ጎልቶ የሚነገረው ክፍለ ቃል) ለምንድነው የሚዘለው? የምታውቁ እርዱኝ

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ቪልኒየስ ነው የምማረው፣ ቋንቋውን ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። "ነሹ" እሸከማለሁ ማለት ነው፣ ስትረሱ "ሹ" ላይ ነው፣ "ነሻ" (ይሸከማል) ሲሆን ግን "ነ" ላይ ይመለሳል። ገባኝ ስል "ዲርቡ" (እሰራለሁ) መጣና ንቅንቅ አይልም፣ "ዲርባ"ም "ዲርቡ"ም "ዲር" ላይ ነው። አስተማሪዬ ሸምድጂው አለችኝ። ምክንያት የለውም እንዴ? ፈተና ደርሶብኛል

መልስ 1፦ እህቴ ምክንያትማ አለው። ድሮ "ነሹ"ም ስትረሱ "ነ" ላይ ነበር። ረጅም ክፍለ ቃል ሁለት አይነት ዜማ አለው፣ የሚወርደው አኩት የሚወጣው ሰርከምፍሌክስ ይባላል። ስትረስ ያለበት አጭር ወይም ሰርከምፍሌክስ ሆኖ ቀጥሎ ያለው አኩት ከሆነ ስትረሱን ይስበዋል። የ"እኔ"ና የ"አንተ" መድረሻ (የግሱ መጨረሻ ክፍለ ቃል) አኩት ስለነበር ሳበው፣ የ"እሱ" መድረሻ ግን አጭር ነው የሚስብበት አቅም የለውም። "ዲር" ደግሞ ራሱ አኩት ስለሆነ አይለቅም። የቋንቋ ሊቁ ሶሱር በ1896 ያወጣው ህግ ነው፣ ሌላው የቋንቋ ሊቅ ፎርቱናቶቭም ለብቻው ደርሶበታል።

ጠያቂ፦ "ሹ" ግን አጭር ነው እኮ፣ እንዴት አኩት ይሆናል?

መልስ 2፦ አሁን ነው አጭር የሆነው፣ ድሮ ረጅም "ኡዎ" ነበር። ቃል መጨረሻ ላይ ያለ አኩት በኋላ አጠረ፣ ይሄ የቋንቋ ሊቁ የሌስኪን ህግ ነው (1881)። ማስረጃው እዛው አፍሽ ላይ አለ፣ "ሲ" ስትጨምሪበት "ነሹዎሲ" (ለራሴ እሸከማለሁ) ትያለሽ አይደል፣ መጨረሻ ላይ ስላልሆነ ርዝመቱ ሳይነካ ቀረ። እኔ በጣም የምወደው ነገር ነው፣ የጠፋው ድምፅ በየቀኑ ሰው አፍ ላይ ተቀምጦ!

መልስ 3፦ ለፈተናው እንዲህ አድርጊ፣ መዝገበ ቃላት ላይ የ"እሱ"ን ፎርም እዪ፣ ሁለት ክፍለ ቃል ብቻ ካለውና ሞገድ ምልክት (~፣ ሰርከምፍሌክስ ማለት ነው) ካለበት ይዘላል፣ "ፐርካ" (ይገዛል) "ፐርኩ" ሲሆን መጨረሻው ላይ ነው። ወደ ቀኝ ያዘመመ ጭረት (´፣ አኩት ማለት ነው) ካለ አይዘልም፣ "አውጋ" (ያድጋል)፣ "አውጉ"። ወደ ግራ ያዘመመው (`) ነው ሰው የሚያሳስተው፣ እዛው ክፍለ ቃል ውስጥ "ል" "ር" "ም" "ን" ከተከተለው እንደ "ዲርባ" አኩት ነው፣ ካልተከተለው አጭር ነው ይዘላል።

መልስ 4፦ መንገድ ላይና ጋዜጣ ላይ ግን ምልክቱን አትጠብቂ አይፃፍም፣ የኛ "አለ" ጠብቆና ላልቶ በፊደል እንደማይለየው በይው። ደግነቱ ዳውክሻ የሚባል የሊትዌንያ ቄስ በ1599 ያሳተመው የስብከት መጽሐፍ ላይ ስትረሱን ምልክት አድርጎበታል፣ የዛን ዘመን አነጋገር የምናውቀው በሱ ነው።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። "ሊፓ" (ሽቅብ ይወጣል) ወደ ግራ ያዘመመ ነው፣ "ር"ም "ል"ም አልተከተለውም፣ ስለዚህ "ሊፑ" መጨረሻው ላይ?

መልስ 3፦ አዎ ልክ ነሽ፣ "ፑ" ላይ።