ጥቆማ፦ ለአራት ዓመት ልጅ የፊደል መጽሐፍ፣ ጎንደር ውስጥ የቱ ይሻላል?

ጥያቄ፦ እንደምን አላችሁ የጎንደር ወላጆች። ልጄ አራት ዓመት ሞላው። መስከረም መዋዕለ ሕፃናት ከመግባቱ በፊት ፊደል ላስጀምረው አስቤያለሁ። የግድግዳ ገበታ ይሻላል፣ ባለ ሥዕል መጽሐፍ፣ ወይስ የኔታ ጋ ልላከው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስቱንም በልጄ አይቻቸዋለሁ። መጀመሪያ የገዛሁት ቅዳሜ ገበያ በርካሽ ያገኘሁትን ስስ መጽሐፍ ነበር። እንዲህ ያለውን አትግዢ። ቀለሙ ስለደበዘዘ የሸ፣ የቸ እና የኘ አናት ላይ ያለችው ሰረዝ አትታይም። ልጅ ሰን ከሸ፣ ነን ከኘ የሚለየው በዚያች ሰረዝ ነው፤ እሷ ከጠፋች በምን ይለያል?

ፒያሳ ካሉት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ባለ ሥዕሉን ስታነሺም ሽፋኑን አትዪ፤ ገልጠሽ ሥዕሉን ከፊደሉ ጋር አስተያዪ። «ለ» ላይ ሎሚ የሳለ መጽሐፍ ገጥሞኛል። ሎሚ የሚጀምረው በ«ሎ» ነው። ልጄ ለን እያየች «ሎ» ማለት ለመደች፤ ያንን ለማስተው ሳምንታት ፈጀብኝ። አሁን የያዝነው መጽሐፍ ለሰባቱም ድምፅ የየራሱ ሥዕል አለው፦ በግ፣ ቡና፣ ቢላዋ፣ ባቄላ፣ ቤት፣ ብርቱካን፣ ቦርሳ። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ይገባዋል።

ገበታው ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን ዜማ ያስይዛል እንጂ ፊደል አያስለይም። የኔዋ ሀ ሁ ሂን በአንድ ትንፋሽ ትወርደው ነበር። ጣቴን ሄ ላይ ሳሳርፍ ግን ከሀ ተነስታ ካልቆጠረች አትደርስበትም።

ለዚህ መላ ያገኙለት የኔታ ናቸው። ሀሁ እንዳለቀ አቡጊዳ አስገቧት፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። የለመደችው ተራ ሲፈርስ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ማወቅ ግድ ሆነባት። በስንደዶ እያስነኩ ነው የሚያስቆጥሯት። እኔ ብሆን ጠዋት የኔታ ጋ ልኬ ማታ በመጽሐፉ አስጠናው ነበር።

ሌላ ጥያቄ፦ እኛ ሙስሊም ነን፤ የኔታ ጋ መላክ አይሆንልንም። ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንድ ገበታ ግዛና በመቀስ ቆራርጠህ ካርድ አድርገው። በውዘህ አንድ አንድ እያወጣህ ጠይቀው፤ የአቡጊዳን ሥራ ይሠራልሃል። በቀን አሥር ካርድ ይበቃዋል፣ ከዚያ በላይ ይሰለቻል። ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ለጊዜው ሀን ብቻ ስጠው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው ናቸው።

ሁለታችሁም ስትገዙ መጨረሻው ላይ ቈ፣ ኈ፣ ኰ እና ጐ መኖራቸውን እዩ። የኔዋ ከተማ ውስጥ አንዱ ሰሌዳ ላይ «ጎንደር»፣ ሌላው ላይ «ጐንደር» አይታ የቱ ትክክል እንደሆነ ጠይቃኝ፣ መጽሐፉ ላይ «ጐ»ን ስላጣሁት መሬት ላይ ጽፌ ነው ያሳየኋት።